መድኃኒት ለሌለው ጉዳይ የመድኃኒት ባለሙያ ማዘጋጀት

የጤና ተማሪዎችና ባለሙያዎች ስለ ኦቲዝም ያላቸውን ዕውቀት የለኩ ጥናቶች ላለፉት ሃያ ዓመታት ሲወጡ ቆይተዋል። ሐኪሞች ተጠይቀዋል፣ ነርሶች ተጠይቀዋል፣ መምህራን ተጠይቀዋል፤ ዘግይቶም ቢሆን ተራው ለፋርማሲስቶችና ለፋርማሲ ተማሪዎች ደርሷል። ውጤቶቹ በጣም ስለሚመሳሰሉ ሁለት ሦስቱን ያነበበ ሰው አራተኛውን ሳይከፍተው መገመት ይችላል። ተማሪዎቹ ስሙን ሰምተዋል። ዓይን ለዓይን አለማየትን፣ አፍ ሳይፈቱ መዘግየትን፣ አንድን ነገር ደጋግሞ ማድረግን ያውቃሉ። መነሻው ምንድን ነው ሲባሉ መልሳቸው ይበታተናል። ከክፍል ይልቅ ከስልካቸውና ከቴሌቪዥን ያገኙት ይበዛል። መጨረሻ ላይ «ተጨማሪ ሥልጠና ያስፈልጋል» ይባልና ጥናቱ ይዘጋል።

ጥርጣሬዬ ከመልሶቹ ይልቅ በጥያቄዎቹ ላይ ነው።

በአፍሪካ ብዙ የተሠራበት መጠይቅ ናይጄሪያዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ሙይዲን ባካሬና ባልደረቦቻቸው በ2008 ያወጡት ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። 19 ጥያቄዎች አሉት፤ ሙሉ ውጤቱም 19 ነው። ስምንቱ ስለ ማኅበራዊ ግንኙነት፣ አንዱ ስለ ንግግር፣ አራቱ ስለ ተደጋጋሚ ባሕርይ ይጠይቃሉ። የቀሩት ስድስቱ ኦቲዝም ምን ዓይነት ሁኔታ እንደሆነ፣ በስንት ዓመት እንደሚጀምር፣ ከሚጥል በሽታና ከአእምሮ ዝግመት ጋር አብሮ ሊገኝ እንደሚችል ተጠያቂው ያውቅ እንደሆነ ይፈትሻሉ። ሁለት ዓመት ቆይቶ በዚያው አገር በኤኑጉ የመጨረሻ ዓመት የሕክምና፣ የነርሲንግና የሥነ ልቦና ተማሪዎች በዚሁ ተፈትነዋል። ከዚያ ወዲህ መጠይቁ በብዙ አገሮች ተተርጉሞ፣ ተቀንሶና ተጨምሮበት ሲዞር ኖሯል።

ጠቃሚ መሣሪያ ነው፤ የተሠራበትን ዓላማም ያሟላል። የተሠራው ግን ለጤና ሠራተኛ በጠቅላላው ነው። ከ19ኙ ጥያቄዎች ስለ መድኃኒት የሚጠይቅ አንድም የለም። 19 ከ19 ያገኘ የፋርማሲ ተማሪ አንድ ልጅ ኦቲዝም ሊኖረው እንደሚችል መጠርጠር ይችላል ማለት ነው፤ የልጁ እናት ማዘዣ ይዘው ፊቱ ሲቆሙ ምን እንደሚላቸው ግን ውጤቱ አይነግረንም። ማዘዣ ሳይዙ ሲመጡማ ጭራሽ አይነግረንም።

በዚህ ረገድ ፋርማሲስቶችን ለብቻ የጠየቁ ጥናቶች ትንሽ ይሻላሉ። በአሜሪካ ሚሲሲፒ በሰፈር መድኃኒት ቤት በሚሠሩ ፋርማሲስቶች ላይ ተሠርቶ በ2012 የታተመው ዳሰሳ ባለሙያዎቹ የዕውቀት ክፍተት እንዳለባቸውና ሥልጠና እንደሚፈልጉ አሳይቷል። እነዚህ ሰዎች ተመርቀው፣ ፈቃድ አውጥተው፣ ለዓመታት መድኃኒት ሲያስረክቡ የኖሩ ናቸው። ክፍተቱ በሥራ ላይ ካልተሞላ የተፈጠረው ከትምህርት ቤት ጀምሮ ነው ማለት ይቻላል።

ነገሩን ወደ ባንኮኒው እናምጣው። አዲስ አበባ ውስጥ፣ ከዚያም ይበልጥ በክልል ከተሞች፣ ብዙ ወላጅ ከሐኪም በፊት የሚያገኘው የመድኃኒት ቤት ባለሙያን ነው። ካርድ ማውጣት የለም፣ ወረፋው አጭር ነው፣ ነጭ ጋዋን የለበሰውንም ደንበኛው ሁሉ «ዶክተር» ይለዋል። ወላጁ «ልጄ ኦቲዝም አለበት» ብሎ አይመጣም። «ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው፣ አፉን አልፈታም፤ የሚያናግር ቫይታሚን የለም ወይ?» ይላል። «ሌሊቱን ሙሉ አይተኛም፤ የሚያስተኛ ሽሮፕ ይስጡኝ» ይላል። «ከፓስታ በቀር አይቀምስም፤ የምግብ ፍላጎት የሚከፍት ነገር» ይላል። ለሦስቱም ጥያቄዎች መደርደሪያው ላይ የሚሸጥ ነገር አለ፤ ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ቫይታሚኑ ይሸጣል፤ ለጉንፋንና ለአለርጂ የተሠራው የሚያደነዝዝ ሽሮፕ ይሸጣል፤ ምግብ ያስበላል የሚባለውም እንደዚሁ። ሁሉም ተሸጠው ሲያበቁ ልጁ አንድ ዓመት ጨምሯል።

ጥሩ የተማረ ባለሙያ ሦስቱን ጥያቄዎች አንድ ላይ ይሰማቸዋል። ስሙን ሲጠሩት ይዞራል? የፈለገውን በጣቱ ያሳያል? ይናገር የነበረውን ቃል መልሶ ትቷል? ብሎ ይጠይቃል። ጆሮው ተመርምሮ እንደሆነም ይጠይቃል፤ የማይሰማ ልጅም አፉን አይፈታምና። ከዚያ ወደ ሕፃናት ሐኪም ይልካል። ይህን ለማድረግ ኦቲዝም አለበት ብሎ መወሰን አይጠበቅበትም፤ እንዲወስንም አይፈቀድለትም። ሽሮፑን ሳይሸጥ መሸኘት ግን በኪሱም በደንበኛውም ፊት የሚያስከፍለው ነገር አለ። የጥናቶቹ መጠይቆች ይህን ዋጋ አይለኩም።

ስለ መነሻው ተማሪዎች የሚደናገሩበት ምክንያት አለ። ሳይንሱ ራሱ በአንድ ዕድሜ ውስጥ ብዙ ጊዜ ዞሯል። በባልቲሞር ይሠራ የነበረው ሊዮ ካነር 11 ልጆችን ገልጾ በ1943 ጻፈ፤ በዓመቱ ሐንስ አስፐርገር ከቪየና የራሱን አወጣ። ከዚያ ጥፋቱን በእናቶች ላይ የጫነ ዘመን መጣ። ፍቅር የነፈገች፣ ልቧ የቀዘቀዘ እናት ልጇን ኦቲስት አደረገች ተባለ፤ ብሩኖ ቤተልሃይም በ1967 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ሐሳብ አገነነው። በርናርድ ሪምላንድ የተባለው የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ ራሱም የኦቲስት ልጅ አባት፣ መነሻው ከአንጎል አሠራር ነው ብሎ ከእርሱ ሦስት ዓመት ቀድሞ ተከራክሮ ነበር። በ1977 ሱዛን ፎልስታይንና ማይክል ራተር 21 ጥንድ መንትዮችን አጥንተው የዘር ውርስ ትልቅ ድርሻ እንዳለው ሲያሳዩ የእናት ጥፋት የሚለው ነገር መሠረቱ ተናጋ። በ2013 የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ማኅበር መመሪያ ቀድሞ በተለያየ ስም ይጠሩ የነበሩትን፣ አስፐርገርንም ጨምሮ፣ በአንድ ስም ጠቀለላቸው። የቁጥሩም መጨመር ከፊሉ የትርጉሙ መስፋት ነው። በአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ክትትል በ2000 ከ150 የስምንት ዓመት ልጆች አንዱ የነበረው በ2022 ከ31 አንዱ ሆኗል። የዓለም ጤና ድርጅት ለዓለም በሙሉ የሚሰጠው ግምት በ2021 ከ127 ሰው አንድ ነው።

እናትን መክሰስ የውጭ አገር በሽታ ብቻ አይደለም። በአዲስ አበባ የዕድገት ችግር ያለባቸው ልጆች ካሏቸው 102 አሳዳጊዎች ጋር ተሠርቶ በ2016 የታተመው የደጀኔ ጥላሁንና ባልደረቦቹ ጥናት፣ ቤተሰቦች የወሊድ ችግርንና የጭንቅላት ጉዳትን ከመንፈስና ከኃጢአት ጎን ለጎን እንደ ምክንያት እንደሚጠቅሱ አሳይቷል። ግማሽ ገደማ የሚሆኑት እንደሚያፍሩ ተናግረዋል። የፋርማሲ ተማሪውም ከዚሁ ማኅበረሰብ የወጣ ነው፤ ፋርማኮሎጂ ተማረ ማለት አያቱ ስለ ቡዳና ስለ እርግማን የነገሩትን ረሳ ማለት አይደለም። ሁለቱን በአንድ ልብ ይዞ መኖር ይቻላል፣ ብዙዎቻችንም እንኖርበታለን። ጠበል የሚያስጠምቅን ቤተሰብ መገሠጽ የፋርማሲስት ሥራ አይመስለኝም። የሚጥል በሽታ መድኃኒቱ በጠበሉ ምክንያት እንዳይቋረጥ መነጋገር ግን ሥራው ነው።

ከመነሻ ጥያቄዎች ሁሉ ለፋርማሲ ተማሪ የሚቀርበው የክትባቱ ነው። እንግሊዛዊው አንድሩ ዌክፊልድ በ1998 በላንሴት መጽሔት 12 ልጆችን ይዞ የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የጀርመን ኩፍኝ ጥምር ክትባትን ከኦቲዝም ጋር አያያዘ። ጋዜጠኛው ብራያን ዲር የጥናቱን ማጭበርበርና የተደበቀውን የገንዘብ ጥቅም አወጣ፤ መጽሔቱ ጽሑፉን በ2010 ሰረዘው፤ ሰውዬውም በዚያው ዓመት ከሐኪሞች መዝገብ ተፋቀ። በዴንማርክ 657,461 ልጆችን ተከታትሎ በ2019 የወጣው ጥናት ክትባቱ የኦቲዝምን ዕድል እንደማይጨምር አረጋግጧል። ወሬው ግን ከሳይንሱ ቀድሞ እኛው ጎረቤት ቤት ገብቶ ነበር። በአሜሪካዋ ሚኒሶታ፣ ኢትዮጵያውያንም በብዛት በሚኖሩበት ግዛት፣ የሶማሌ ቤተሰቦች ኦቲዝም በልጆቻቸው ላይ በዝቷል ብለው በተጨነቁበት ሰዓት ፀረ ክትባት ቀስቃሾች መጡባቸው፤ ዌክፊልድ ራሱም ሄዶ አነጋግሯቸዋል። በ2004 92 በመቶ የነበረው የልጆቹ የክትባት ሽፋን በ2014 ወደ 42 በመቶ ወረደ። በ2017 ኩፍኝ ገባና 75 ሰው ያዘ፤ አብዛኞቹ የሶማሌ ልጆች ነበሩ። ያ ማኅበረሰብ ትምህርት ስላነሰው የተታለለ አድርገው የሚያወሩ ሰዎች ያናድዱኛል። ጭንቀቱ እውነት ነበር፤ ቀድሞ ደርሶ በቋንቋው ያናገረው ባለሙያ ግን አልነበረም።

አሁን ወደ መድኃኒቱ። እስከ ዛሬ የኦቲዝምን ዋና ምልክቶች፣ የመግባባት ችግሩንና ተደጋጋሚ ባሕርዩን፣ እንደሚለውጥ በአስተማማኝ ሁኔታ የተረጋገጠ መድኃኒት የለም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ሪስፔሪዶንን በ2006 ከ5 እስከ 16 ዓመት ላሉ፣ አሪፒፕራዞልን በ2009 ከ6 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች ፈቅዷል። የተፈቀዱት ከኦቲዝም ጋር ለሚመጣ ከባድ ብስጭት ነው፦ ራስን ለመጉዳት፣ ሌላውን ለመማታት፣ ለማይቆም ቁጣ። ለሪስፔሪዶን መሠረት የሆነው በ2002 የታተመው ሙከራ 101 ልጆችን ለስምንት ሳምንት ተከታትሎ መድኃኒቱን ከወሰዱት 69 በመቶው፣ የማስመሰያ ኪኒን ከወሰዱት 12 በመቶው እንደተሻላቸው አሳየ። ትልቅ ልዩነት ነው፤ በዚያው ስምንት ሳምንት ግን መድኃኒቱን የወሰዱት ልጆች በአማካይ 2.7 ኪሎ ጨምረዋል፣ ሌሎቹ 0.8። ከሁለቱ ቁጥሮች አንዱን ብቻ የሚያውቅ ተማሪ ግማሹን ነው የሚያውቀው። ወላጅ ደግሞ «መድኃኒቱ ለቁጣው ነው፣ እንዲናገር አያደርገውም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ከሰው አፍ ካልሰማ፣ ልጁ ሳይናገር ሲቀር አልሠራም ብሎ ያቋርጠዋል፤ ወይም ይባስ ብሎ መጠኑን ይጨምረዋል።

ሌሎች የተሞከሩትም ብዙ ናቸው። ሲታሎፕራም 149 ልጆች ላይ ተሞክሮ በ2009 ተደጋጋሚ ባሕርይን እንደማይቀንስ ታወቀ። ኦክሲቶሲንና ቡሜታናይድም ተስፋ ተጥሎባቸው በ2021 ትልልቅ ሙከራዎች ላይ አልሳካ አሉ። የሕክምና መመሪያ የሚያወጣው የእንግሊዝ ተቋም ናይስ በ2013 ባወጣው መመሪያ ለዋና ምልክቶቹ ፀረ ሳይኮሲስም፣ ፀረ ድብርትም፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒትም፣ ከስንዴና ከወተት ነፃ የሆነ አመጋገብም አትጠቀሙ ይላል። «አትጠቀሙ» የሚል መመሪያ ተማሪ ሲያነብ ይዘለዋል፤ በፈተና የሚመጣው መጠኑና ሰዓቱ ነዋ።

መድኃኒት በሌለበት ባዶ ቦታ ሻጭ ይገባል፤ እዚህ ላይ ፋርማሲው ብዙ የሚያስተምር ታሪክ አለው። ሴክሬቲን የተባለው የአንጀት ሆርሞን በ1998 ጥቂት ልጆችን አሻለ ተብሎ ወላጆች በውድ ዋጋ ሲፈልጉት፣ በሚቀጥለው ዓመት 60 ልጆች ላይ የተሠራው ሙከራ ከውኃ መርፌ እንደማይለይ አሳየ። ክሎሪን ዳይኦክሳይድ፣ ማለትም የጨርቅ ማንጫ ኬሚካል፣ «ተአምራዊ» በሚል ስም ለልጆች ሲሰጥ የአሜሪካው ተቆጣጣሪ በ2010ም በ2019ም አስጠንቅቋል።

ከሁሉም በላይ የፋርማሲ ተማሪ ሊያውቀው የሚገባው በ2005 በፔንሲልቬንያ የሆነው ነው። ኦቲዝም የሚመጣው ከሜርኩሪ ነው በሚል እምነት የአምስት ዓመት ልጅ ብረት ከደም የሚያስወጣ መድኃኒት በደም ሥሩ ተሰጠው። ሁለት ስማቸው የተቀራረበ መድኃኒቶች አሉ። ኢዴቴት ካልሲየም ዳይሶዲየም ለእርሳስ መመረዝ ይሰጣል። ኢዴቴት ዳይሶዲየም ደግሞ ካልሲየምን ራሱን ከደም ጠራርጎ ያወርዳል። ልጁ የተሰጠው ሁለተኛው ነበር፤ ካልሲየሙ ወረደ፣ ልቡ ቆመ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በሚቀጥለው ዓመት ባወጣው ሪፖርት በዚህ መድኃኒት የሞቱ ሦስት ሰዎችን ዘረዘረ። ሕክምናው ከመጀመሪያውም ለኦቲዝም አይጠቅምም ነበር። ትክክለኛው ብልቃጥ ተመርጦ ቢሆን ግን ልጁ ካልሲየሙ እንዲህ ባልወረደበት። ተመሳሳይ ስም ያላቸው መድኃኒቶችን መለየት የሁለተኛ ዓመት ትምህርት ነው፤ ይህ ታሪክ ከዚያ ምዕራፍ ጎን ቢቀመጥ ከየትኛውም ዝርዝር በላይ ይያዛል።

አዲሱ ወሬ የፓራሲታሞል ነው። በመስከረም 2025 የአሜሪካ መንግሥት መድኃኒቱን ከኦቲዝም ጋር አያይዞ ነፍሰ ጡሮች እንዲሸሹት መከረ። የዓለም ጤና ድርጅትና የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ ወዲያው ግንኙነቱን የሚያረጋግጥ ማስረጃ የለም አሉ። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ከስዊድን የወጣ፣ 2.48 ሚሊዮን ገደማ ልጆችን የሸፈነ ጥናት ወንድማማቾችንና እህትማማቾችን ሲያነጻጽር ግንኙነቱ ጠፍቶበታል። በዚያው የአሜሪካ መግለጫ ሊዩኮቮሪን የተባለው መድኃኒት እንደ ሕክምና ተስፋ ቀረበ፤ የቆመበት ማስረጃ ግን ጥቂት ትናንሽ ጥናቶች ናቸው። ይህ ሁሉ በአንድ ሌሊት በአማርኛ ቲክቶክ ላይ ነበር። ትኩሳት ያላት ነፍሰ ጡር ፓራሲታሞል ፈርታ ወደ አይቡፕሮፌን ብትዞር፣ በተለይ ከእርግዝናዋ አጋማሽ በኋላ፣ ጉዳቱ እውነተኛ ይሆናል። ይህን የሚያውቅና የሚነግራት ሰው ባንኮኒው ላይ ያለው ነው።

በአንጻሩ በቂ ማስረጃ ያለበት መድኃኒት ብዙም አይወራለትም። በዴንማርክ 655,615 ልጆች ተጠንተው በ2013 በታተመው ሥራ እናታቸው በእርግዝና ጊዜ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሆነውን ቫልፕሮኤት የወሰደችባቸው ልጆች 4.4 በመቶ ያህሉ በኦቲዝም ስፔክትረም ውስጥ ሲገኙ፣ በጠቅላላው ሕዝብ ግን 1.5 በመቶ ነበር። እንግሊዝ በ2018 ልጅ መውለድ የምትችል ሴት ልዩ የእርግዝና መከላከያ ክትትል ሳይደረግላት ይህን መድኃኒት እንዳትወስድ ደንግጋለች፤ በዚያ አሠራር ውስጥ ፋርማሲስቱ በእያንዳንዱ ርክክብ የራሱ ድርሻ አለው። የሚጥል በሽታ ያለባት ወጣት በማዘዣዋ ስትመጣ «ለመውለድ አስበሻል?» ብሎ በጨዋ መንገድ መጠየቅና ወደ ሐኪሟ መመለስ፣ በድንገት እንዳታቋርጠው ማስጠንቀቅም ጭምር፣ ስለ ኦቲዝም ያለ የፋርማሲ ዕውቀት ነው። ከ19ኙ ጥያቄዎች ውስጥ ግን አይገባም።

በአገራችን የኦቲዝም አገልግሎትን የጀመሩት ወላጆች ናቸው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ከአሜሪካ ተመልሰው ለልጃቸው የሚሆን ትምህርት ቤት ቢያጡ በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን መሠረቱ፤ በ2021 እስካረፉበት ጊዜ ድረስ የኦቲዝምን ስም በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ለሕዝብ ያስተዋወቁ እርሳቸው ነበሩ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም የተነሣው በወላጆች ጥረት ነው። ሁለቱም አዲስ አበባ ናቸው፤ ሁለቱም ከተጠባባቂ ዝርዝር ተላቀው አያውቁም። የሕፃናት የሥነ አእምሮ ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ስለዚህ መድኃኒቱ ብዙውን ጊዜ የሚታዘዘው በጠቅላላ ሐኪም ወይም በሥነ አእምሮ ነርስ ነው፤ ፋርማሲስቱ ሁለተኛው ዓይን መሆኑ ይቀርና አንዳንዴ ብቸኛው ዓይን ይሆናል።

ምን ያያል? ለምሳሌ ሃሎፔሪዶል የተባለውን ፀረ ሳይኮሲስ መድኃኒት። ርካሽ ነው፣ ብዙ ቦታ ይገኛል፣ ለሚያስቸግር ልጅም ይታዘዛል። ከጀመረ በጥቂት ቀናት ውስጥ የልጁ አንገት ሊጠማዘዝ፣ ዓይኑ ወደ ላይ ሊሰቀል፣ ምላሱ ሊወጣ ይችላል። ፋርማሲስቱ ይህን በስሙ ያውቀዋል፤ መድኃኒት አለው፣ በቶሎ ይለቃል። ቀድሞውንም መንፈስ አለበት ለተባለ ልጅ ቤተሰብ ግን ይህ ሁኔታ ምን እንደሚመስል ማሰብ አያዳግትም። መድኃኒቱን ሲያስረክብ «እንዲህ ቢሆን አትደንግጡ፣ የመድኃኒቱ ነው፣ ቶሎ ሐኪም ቤት ውሰዱት» ያለ ሰው ልጁን ከስቃይ፣ ቤተሰቡን ከሌላ ዙር መከራ ያድናል። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኖባርቢታልም አለ፤ አንዳንድ ልጅን ያቅበጠብጣል፣ ቅብጥብጥነቱም በኦቲዝሙ ላይ ይመካኛል። ካርባማዘፒን ሪስፔሪዶንን ከሰውነት ቶሎ ያስወጣዋል፤ ፍሉኦክሰቲን ደግሞ ያከማቸዋል። አንዱ ክሊኒክ ያዘዘውን ሌላው ሳያውቅ ሲጨምርበት ሁለቱ ማዘዣዎች የሚገናኙት አንድ ባንኮኒ ላይ ነው።

ከዚህ የወረደ የሚመስል፣ ነገር ግን ወላጆች ከሁሉ በላይ የሚያነሱት ጉዳይም አለ። ኦቲስት የሆነ ልጅ ትናንት የዋጠው ኪኒን ነጭና ክብ ከነበረ ዛሬ ከሌላ ፋብሪካ የመጣውን ቢጫ አልውጥም ሊል ይችላል። የሽሮፑ ጣዕም ቢቀየርም እንደዚሁ። እኛ አገር ደግሞ የሚገባው መድኃኒት በየጨረታው አምራቹ ይለዋወጣል። ይህን የሚያውቅ ፋርማሲስት የቆየውን ዓይነት ካገኘ ያስቀምጣል፤ ካላገኘ ለእናትየዋ ቀድሞ ይነግራል። የትኛው ኪኒን እንደሚደቀቅ፣ የትኛው እንደማይደቀቅ፣ በጭማቂ መስጠት እንደሚቻል፣ በምግብ ውስጥ ደብቆ መስጠት ልጁ የሚበላትን አንዲት ምግብ ጭምር ሊያስጠላው እንደሚችል ይነግራታል። ልጁ አብሮ ከመጣ ሬዲዮውን ይቀንሳል። አዋቂ ኦቲስት ሲመጣም አብሮት ያለውን ሰው ሳይሆን እርሱን ያናግራል። ከተማሪዎቹ መካከል፣ ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ወንበር ላይ ከሚቀመጡትና የመድኃኒት ስሞችን በአስደናቂ የማስታወስ ችሎታ ከሚይዙት መካከል፣ ሳይታወቅለት የኖረ ኦቲስት ሊኖር እንደሚችልም መምህራን ቢያስቡት አይከፋም።

የፋርማሲ ሥርዓተ ትምህርት በሽታን የሚመዝነው ባለው መድኃኒት ብዛት ነው። የስኳር በሽታና የደም ግፊት ሳምንታት ይወስዳሉ፤ ስኪዞፍሬኒያና ድብርት ሰፊ ምዕራፍ አላቸው። ኦቲዝም በፀረ ሳይኮሲስ መድኃኒቶች ትምህርት መጨረሻ አካባቢ «ሌሎች ጥቅሞች» በሚለው ሥር አንድ መስመር ሆኖ ያልፋል። በአገራችን የአምስት ዓመቱ ትምህርት በሽተኛን ማዕከል ወዳደረገ ሥልጠና ከዞረ፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲም በ2009 የክሊኒካል ፋርማሲ የማስተርስ ትምህርት ከጀመረ ወዲህ ተማሪው በዎርድ መዞሩ ትልቅ ለውጥ ነው። ዎርዱ ግን ተኝቶ የሚታከም ሰው ያለበት ቦታ ነው። ኦቲስት ልጅ በተመላላሽ ክፍል ነው የሚታየው፤ ከዚያም በላይ የሚውለው ቤቱ ነው፣ አንዳንዴም ተቆልፎበት። በአታችመንት (በጤና ተቋማት የሥራ ልምምድ) ወቅት ተማሪው አንድም ኦቲስት ሳያገኝ ሊመረቅ ይችላል።

የመድኃኒት መብዛት ራሱ አደጋ የሆነበት አገርም አለ። በእንግሊዝ በ2015 በወጣ ግምት የመማር ውስንነት ካለባቸው አዋቂዎች ከ30,000 እስከ 35,000 የሚሆኑት ተገቢው ምክንያት ሳይኖር በየዕለቱ የሥነ አእምሮ መድኃኒት ይወስዱ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ኦቲስቶችንም የሚያካትት መድኃኒት የመቀነስ ዘመቻ ተጀመረ፤ በ2018 ለልጆች የሚሆነው ተከተለ። በሁለቱም ፋርማሲስቶች ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች የሚፈትሹ ሰዎች ሆነዋል። እኛ ገና ማጣት ላይ ነን፤ ቢሆንም ያለ ክትትል ለዓመታት የሚደገም ማዘዣ እኛም ጋር አለ።

ሥልጠና ያስፈልጋል የሚለውን የተለመደ መደምደሚያ በጥንቃቄ እንድናየው የሚያደርግ ጥናት ከራሳችን አገር ወጥቷል። የኢትዮጵያ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በሦስት ተከፍለው ተነጻጸሩ፦ 108 ያልሠለጠኑ፣ 104 መሠረታዊ የአእምሮ ጤና ሥልጠና የወሰዱ፣ 97 ደግሞ በዚያ ላይ ስለ ዕድገት ችግሮች ቪዲዮዎችና የኪስ መመሪያ ያገኙ። በ2019 የታተመው ውጤት እንደሚለው የመጨረሻዎቹ ስለ ኦቲስት ልጆች ያላቸው መጥፎ አመለካከት ካልሠለጠኑት ያነሰ፣ ሊቀርቧቸው ያላቸው ፈቃደኝነትም የበለጠ ነበር። ነገር ግን ስለ ልጆቹ የወደፊት ሕይወት ያላቸው ተስፋ ካልሠለጠኑት ቀንሶ ተገኘ። በመጠይቅ ነጥብ ብቻ ብንለካ ሥልጠናው ተሳክቷል እንላለን። እናት ፊት የሚቆመው ሰው ግን ከነጥቡ ጋር የተስፋ ማነሱንም ይዞ ነው የሚቆመው። የፋርማሲ ተማሪ «መድኃኒት የለውም» የሚለውን ሲማር «ምንም አይደረግለትም» ብሎ እንዳይሰማው የሚጠብቀው ሌላ ዕውቀት ያስፈልጋል፦ ንግግርና መግባባት እንደሚሠለጠኑ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለአሳዳጊዎች ያዘጋጀው ሥልጠና በአገራችን ተሞክሮ እንደተጀመረ፣ ማዕከላቱ የት እንዳሉ።

ስለዚህ ቀጣዩ የዳሰሳ ጥናት፣ ጎንደርም ይሠራ ሐረማያ፣ ተማሪውን «ኦቲዝም የነርቭ ዕድገት ሁኔታ ነው፣ እውነት ወይስ ሐሰት» ከማለት ሌላ ነገር ቢጠይቀው እመርጣለሁ። አንዲት እናት የሚያናግር ቫይታሚን ጠይቀዋል፤ ምን ትላቸዋለህ? ሪስፔሪዶን የጀመረ የሰባት ዓመት ልጅ በወር ውስጥ ሁለት ኪሎ ጨምሯል፤ ማንን ታነጋግራለህ? ደንበኛህ ስልኳን አውጥታ ከውጭ የሚመጣ የኦቲዝም ጠብታ አሳየችህ፤ ታስመጣላታለህ? መልሱ በወረቀት ብቻ እንዳይቀር ደንበኛ መስሎ የሚገባ ሰው ልኮ ማየትም ይቻላል፤ ይህ ዘዴ ፀረ ተሕዋስያን ያለ ማዘዣ መሸጣቸውን ለማጥናት በአገራችን መድኃኒት ቤቶች ሲሠራበት የቆየ ነው። ጥናቱ እስኪሠራ የሚጠብቅ ካለ ደግሞ አጭሩ መንገድ የብቃት ምዘና ፈተናው ነው። ከእነዚህ አንዷ ጥያቄ እዚያ ውስጥ አንድ ጊዜ ትግባ፤ በማግስቱ በየዶርሙ በሚዞረው የፈተና ፋይል ላይ ከነመልሷ ትገኛለች።